የኑግ ሽታ ያለው መጋዝ

አባቴ ከወደቀ በኋላ ወደ ቤታችን የሚያስገባው የእግር መንገድ ሣር አበቀለ። በፊት ሰው ስለማይጠፋበት ክረምት ከበጋ ተጠርጎ የተደለደለ ይመስል ነበር። ባህር ዛፍ የሚያስቆርጥ፣ ግንድ የሚያስተረትር፣ ቤት ሊሠራ ያሰበ ሁሉ የአባቴን የሞተር መጋዝ ፍለጋ ይመጣል። አሁን ግን ጎረቤት እንኳ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ «እንዴት አደራችሁ» ብሎ ያልፋል። እኔ የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው፤ ባጃጅ እነዳለሁ። ወደ አማኑኤል በሚወስደው አስፋልት ዳር ባጃጄን አቁሜ ወደ ቀያችን በእግር ስወርድ መጀመሪያ ዓይኔ የሚያርፈው እዚያ ሣር ላይ ነበር። በመጣሁ ቁጥር ከፍ ብሎ አገኘዋለሁ፤ ባየሁት ቁጥርም ደሜ ይፈላል።

ነገሩ የመጣው ከደብራችን ጽድ ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር በአሮጌ ጽዶች የተከበበ ሲሆን፣ ማንም ምሳር እንዳያነሳባቸው ድሮ የነበሩ ካህናት በግዝት አስረዋቸዋል። ግዝቱ ሲነገር የሰማ ሰው በሕይወት የለም፤ ሁሉም ግን ያውቀዋል፤ ከዚያ ደረቅ ጭራሮ እንኳ የሚለቅም የለም። ከዓመት በፊት በነፋስ አንዱ ጽድ ከወገቡ ተሰንጥቆ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ዘመመ። በዚያው ሰሞን ታቦቱ የሚቀመጥበትን መንበር ምስጥ ስለበላው አዲስ ማሠራት የግድ ሆኖ ነበር። ከፊሉ ሰው «ዛፉ ራሱ ተሰብሮ መጣልን፣ ከእሱ እንሥራ» አለ። ከፊሉ «የተገዘተ እንጨት እንዴት ይነካል» አለ። ግዝቱን ማንሳት የሚችሉት የደብሩ አለቃ ብቻ ነበሩ። እሳቸው ደግሞ ያረጁ ሰው ናቸው፣ ጭቅጭቅ አይወዱም፤ ዝም አሉ።

አንድ ቀን ማለዳ የአባቴ መጋዝ ከቅጽሩ ውስጥ ሲጮህ ተሰማ። ሰዎች ሮጠው ሲደርሱ ለመንበር የሚሆነው ግንድ ተቆርጦ መሬት ላይ ተጋድሟል። አለቃው በቦታው የሉም። «ማን ፈቀደልህ?» ሲሉት አባቴ መጋዙን ሳያጠፋ «እሑድ ትሰማላችሁ» አላቸው። አባቴ ሥራ ላይ ሲያናግሩት አይወድም፤ ይህን ከእሱ ወርሻለሁ። የቀረውን ዘማማ ግማሽ ሳይነካ «ደከመኝ» ብሎ መጋዙን ተሸክሞ ወደ ቤት ገባ። ከምሰሶው ሥር አስቀመጠው፤ እዚያው አጠገቡ ወደቀ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ቀኝ ጎኑ አይታዘዝለትም፣ ከአፉም ቃል አይወጣም። እሑድ ምዕመናኑ የሰሙት ይህንን ነው።

አለቃውም እሑድ ሳይደርስ ታመው ተኙና ምንም ሳይናገሩ አረፉ። አገሩም ፈረደ፤ ግዝቱ ያዘው ተባለ።

አባቴን ያልጠየቀው ሰው የለም። «ግዝቱ ተነሥቶልህ ነበር?» ሲሉት ራሱን ይነቀንቃል። «ሳይነሣልህ ነው የቆረጥከው?» ሲሉትም እንደዚያው ይነቀንቃል። ሐኪሙ ሕመሙ ቃሉንም መልሱንም አንድ ላይ እንደበጠበጠበት ነግሮኛል፤ ለአገር ሰው ግን ያንን ማን ያስረዳል? የንስሐ አባታችን ደግ ሰው ናቸው፣ ቢሆንም ነገሩ ሳይጠራ አላቆርብም አሉ። የተቆረጠው ግንድ ከደጀ ሰላሙ ጎን ሣር ተከምሮበት ቀረ፣ አናጢም አልነካውም። እናቴ የምትፈራው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከነግዝቱ እንዳይሞት። ስታጥብም ስትፈጭም ይህንኑ ነው የምታወራው። እኔ ስመጣም «ደህና ዋልክ» ሳትለኝ «ከነግዝቱ ሊሞቱብኝ ነው» ትለኛለች።

በዚህ ላይ ከዘራው ነበረ። አባቴ በግራ እጁ ከዘራ ይዞ መደቡ ላይ ይቀመጥና ወለሉን ይመታል። ኳ፣ ኳ፣ ኳ። ጥቂት ያርፋል፣ ደግሞ ይጀምራል። ዓይኑ ከምሰሶው ሥር፣ ከመጋዙ ላይ አይነሣም። እናቴ መጋዙ ያስፈራው መስሏት ወስዳ ከብት ቤት ደበቀችው። ባሰበት። ባዶውን ቦታ እያየ፣ ወለሉ እስኪሰረጎድ ይመታ ጀመር። ማለዳ ጉም ሲወርድ ድምፁ ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም፤ አንዴ ከቤታችን፣ አንዴ ከወንዙ ማዶ ይሰማል። ውኃ የሚቀዱ ሴቶች ማድጋቸውን ሳይሞሉ እንደተመለሱ ሰምቻለሁ። «ግዝቱ እያንኳኳ ነው» ይላሉ። የሰው አፍ ይገርመኛል፤ ያመመው ሽማግሌ በከዘራው ወለል ሲመታ ከዚያ የቀለለ ምክንያት ማሰብ አቅቷቸው ነው? እንዲህ እያልኩ እሳደባለሁ እንጂ፣ እውነቱን ለመናገር እኔም ያ ድምፅ ሲጀምር ትከሻዬ ይኮማተር ነበር።

በጥቅምት የከብት ቤታችን ማገር ስለበሰበሰ ጓሮ ካለው ባህር ዛፋችን ጥቂት ልቆርጥ መጣሁ። ምሳር የሚያውሰን ሰው ስለሌለ መጋዙን ከከብት ቤት አወጣሁት። ካንዴላውን ጠረግሁ፣ ቤንዚን ሞላሁ። የሰንሰለት ዘይት ጋኑን ስከፍተው ከታች ጥቂት ወፍራም ነገር ተኝቷል። በላዩ አባቴ ሁልጊዜ የሚጠቀምበትን የተቃጠለ የሞተር ዘይት ጨመርኩበት። ያንን ዘይት ከማርቆስ ጋራዦች እየለመንኩ የምልክለት እኔ ነበርኩ፤ አባቴ ለመጋዝ አዲስ ዘይት መስጠት ለውሻ ጥብስ መስጠት ነው ባይ ነው። ገመዱን ስስበው ሞተሩ ተነሣ። ዓመት ሙሉ ለተኛ ነገር በጣም ፈጥኖ ነው የተነሣው፤ አልወደድኩትም።

ግንዱን ገና እንደነካሁት ሰንሰለቱ የሚዞርበት ረጅሙ ብረት፣ አባቴ ሰይፍ የሚለው፣ መጨስ ጀመረ። ጭሱ ነጭና ቀጭን ነው። ሽታው ግን የብረትም የእንጨትም አይደለም። የኑግ ሽታ ነው፤ በምጣድ ተቆልቶ ሊያር የደረሰ ኑግ። ዙሪያችን የኑግ ማሳ ነው፣ ግን ገና ቢጫ አበባውን ይዞ ቆሟል እንጂ ፍሬ አልያዘም። መጋዙን ዝቅ አደረግሁት። እናቴ ከቤት ወጥታ ወዲያ ወዲህ አየች።

«ማነው ኑግ የሚቆላው?» አለችኝ።

«እኔ እንጃ።»

«በዚህ ሰፈር ዘንድሮ ኑግ የቀረለት የለም።» አማተበች።

ከውስጥ ከዘራው ጀመረ። ኳ፣ ኳ፣ ኳ። ሞተሩን ሳጠፋው ቆመ። ሳስነሣው ጀመረ። ደግሜ አጠፋሁት፣ ደግሞ ቆመ። ጉሙ ከባህር ዛፎቹ መሐል አልወጣም ነበር፤ የኑጉም ሽታ በጉሙ ውስጥ እንደቆመ ቀረ። በመፍራቴ ተናደድኩና «ይህ ማሽን ነው፣ ዘይት አልደረሰውም፣ በቃ» አልኩ ጮክ ብዬ። ለማን እንዳልኩት አላውቅም።

መቼም ባጃጅ በየቀኑ የሚፈታ ሰው መጋዝ አያቅተውም። ዘይት እየደረሰው አለመሆኑ ግልጽ ነው፤ ቤንዚኑ ሊያልቅ ሲቃረብ ዘይቱ አብሮት መጉደል ሲገባው ከሞላሁበት ዝቅ አላለም። ለማረጋገጥ አንድ ግንድ ልጬ ነጩን ፊት ወደ ላይ አደረግሁትና ጫፉን አስጠግቼ ሞተሩን አስጮህኩት። ጤነኛ መጋዝ ከሰንሰለቱ ቀጭን የዘይት መስመር ይረጭበታል። የእኔው እንጨት ነጭ እንደሆነ ቀረ። ሰይፉን ፈትቼ የጎኑን ቦይ በአሮጌ ጃንጥላ ሽቦ ፋቅሁት፤ ሰጋቱራው እንደ አፈር ተጋግሮበታል። የዘይት መግቢያ ቀዳዳውን ወጋሁት፣ ሰይፉን ገልብጬ አሰርኩት። አሁንም ደረቅ። ሰይፉን ጭራሽ አውጥቼ ሞተሩን ብቻ አስነሣሁና ዘይቱ የሚወጣበትን ቀዳዳ አየሁ። እዚያም ምንም የለም። ጋኑ አየር አጥቶ እንደሆነ ብዬ ክዳኑን አላላሁት። ፊልትሮውን በታጠፈ ሽቦ ከጋኑ ጎትቼ በቤንዚን አጠብኩት፣ የዘይቱን ቱቦ ነፋሁበት፣ አልተቀደደም። የደጋ ብርድ ዘይቱን አርግቶት ይሆናል ብዬ ፀሐይ እስኪሞቅ ጠበቅሁ። ባስነሣሁት ቁጥር ግን የሚመጣው ያው ነው፤ ጭስ፣ ኑግ፣ ከዘራ።

የቀረኝ ዘይቱን ወደ ሰንሰለቱ የሚገፋው ፖምፓ ነበር። ፖምፓው ከፍሪሲዮኑ ሥር ተደብቋል። ሜዳ ላይ ብፈታው ትንንሾቹ ብሎኖች ሣር ውስጥ ይጠፉብኛል። ስለዚህ መጋዙን አንሥቼ ወደ ቤት ተራመድኩ፤ አሁን ሞተሩ ጠፍቶም ከዘራው ይመታል። እናቴ በሩ ላይ ቆመች።

«ኧረ ልጄ፣ እሳቸው ፊት ይዘኸው አትግባ! እስቲ ተዋቸው በሰላም ይቀመጡ።»

«እማ፣ ከግዝት ጋር ከተጣላን ፊት ለፊት እንጣላ» አልኳት። ክፉ አነጋገር ነበር፤ ተናድጄ ነው። አልፌያት ገባሁ።

መጋዙ የቤቱን ደፍ ሲያልፍ ከዘራው ቆመ።

ዓመት ሙሉ ያንን ድምፅ ስንጠላ ኖረን፣ ሲቆም ደግሞ የባሰ አስፈራን። አባቴ ከመደቡ ወደ ፊት ሰገግ ብሎ እጄን ያያል፤ የሚሠራው ዓይኑም የማይሠራው ዓይኑም እጄ ላይ ነው። ፍሪሲዮኑን ለመፍታት ካቻቢቴ አስገብቼ ታገልኩ፣ ንቅንቅ አላለም። ጉልበት ጨመርኩ፣ ካቻቢቴው ተሰበረ፣ የተሳደብኩትን አልጽፈውም። ያኔ አባቴ በግራ እጁ፣ ከነከዘራው፣ አየር ላይ ክብ ሠራ። ሰው ብሎን ሲፈታ ከሚያዞርበት በተቃራኒ ነው ያዞረው። እንዳሳየኝ አደረግሁ። ተፈታ። እናቴ ጓዳው በር ላይ ቆማ ሁለታችንንም ታያለች፤ ትንፋሿ ይሰማኛል።

የፍሪሲዮኑን ክብ ሽፋን፣ ከበሮውን፣ ሳነሣው ከሥሩ ያሉት የፖምፓው ጥርሶች አልታዩኝም። ፖምፓውና ጥርሱ በቢጫ ነገር ተሸፍነዋል፤ እንደ ሙጫ ያበራል፣ በጥፍር ስነካው ደረቅ ነው። ብርሃን ሲያርፍበት ከውስጡ ቀላ ይላል።

«የዛፉ ደም ነው!» አለች እናቴ። ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

እውነት ለመናገር እኔም ለአፍታ እንደዚያው አሰብኩ። ጽድ ሲቆረጥ ሙጫ ያወጣል፣ ይህ ግን ሰንሰለቱ ጋ ሳይሆን ማንም የማይደርስበት የሞተሩ ሆድ ውስጥ ነው የተገኘው። ማሰቤ አናደደኝና ትንሽ ፍቄ ምድጃው ውስጥ ፍም ላይ ጣልኩት። ጨሰ። የኑግ ሽታ ቤቱን ሞላው።

እናቴ ነጠላዋን ከአፏ አወረደች። መጥታ ከፖምፓው ላይ በጥፍሯ ቆርሳ አሸተተችው፣ በጣቶቿ መሐል አሻሸችው።

«ይኸማ የኑግ ዘይት ነው» አለች ቀስ ብላ። «ሳይታጠብ የቆየ የዘይት ጠርሙስ አንገት ላይ እንዲህ ነው የሚደርቀው። በእሳት እንጂ በውኃ አይለቅም።»

ተያየን። የተቃጠለ ዘይት ለምኖ የሚጠቀም ሰው የኑግ ዘይት ለመጋዝ? እናቴም በዚያ ሰሞን ቤታችን ውስጥ የኑግ ዘይት የሚባል ጠብታ እንዳልነበረ ማለች። ወደ አባቴ ዞርኩ።

«አባዬ፣ ከየት አመጣኸው?»

አዎ ወይም አይደለም ብሎ የሚመልሰው ጥያቄ አልነበረም፤ እስከዚያ ቀን እንዲህ ያለ ጥያቄ የጠየቀው ሰውም አልነበረም። ራሱን አልነቀነቀም። ከዘራውን ከወለሉ አነሣና በተከፈተው በር አሻግሮ ዘረጋው። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ነው። ክንዱ እየተንቀጠቀጠ እስኪዝል አላወረደውም።

ከቅጽሩ አጠገብ ያለው ቤት አንድ ብቻ ነው፤ የሟቹ አለቃ ቤት። ባለቤታቸው ከሳቸው ዕረፍት በኋላ ቆብ ጭነው መንነው እዚያው ይኖራሉ፣ እማሆይ ነው የምንላቸው። ያንን ቢጫ ቅርፊት በወረቀት ጠቅልዬ ከእናቴ ጋር ሄድን። በመንገዳችን የዘመመውን ጽድ አለፍነው። አባቴ የቆረጠበት ፊት ገና ቀይ ነው። ወፍ አልነበረበትም፤ ወይም ነበረበት፣ እኔ አልሰማሁም።

እማሆይ በራቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። እናቴ መሬት ስማ ነገሩን ነገረቻቸው። እማሆይ ቅርፊቱን ተቀብለው አሸተቱ።

«ያን ማለዳ» አሉ፣ «አለቃ ከኪዳን ተመልሰው “የኑግ ዘይት አለሽ?” አሉኝ። ከወፍጮ ቤት ያስጨመቅሁት፣ ጨው ያልነካው፣ ገና ያልተከፈተ ጠርሙስ ነበረኝ። “ለምንዎ ነው?” ብላቸው “ለዛፉ” አሉኝ። እኔ መስሎኝ የነበረው የዛፉን ቁስል ሊቀቡለት ነው። ሽማግሌ ሰው ያደርገዋል አልኩ። አባትህ ከውጭ ቆሞ ነበር። ጠርሙሱን በእጃቸው ሰጡት፣ መስቀል አሳለሙት። “የመንበር እንጨት ነውና ያ ጥቁር ዘይት አይንካው፣ በዚህ ቁረጠው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እኔው እነግራቸዋለሁ” ሲሉት ሰምቻለሁ። ምኑን እንደሚነግሩ ግን አልገባኝም ነበር።»

«ታዲያ እማሆይ» አልኩ፤ ድምፄ ከፍ ብሎብኛል፣ «ታመው ሲተኙ ሰው ሁሉ ግዝት ሰበረ ሲል አለቃ ለምን አልተናገሩም?»

እማሆይ ቅርፊቱን መልሰው ጠቀለሉት።

«ማን ነግሯቸው፣ ልጄ? ለታመመ ሰው ክፉ ወሬ ይነገራል? የአባትህን መውደቅ ሸሸግናቸው። “እሱስ እንዴት ነው?” ይሉ ነበር በየቀኑ። “ደህና ነው፣ ሥራውን እየጨረሰ ነው” እንላቸዋለን። “ጎበዝ” ይሉና ይተኛሉ። እንዲያ እንዳሉ አረፉ። እኔም ኀዘን ላይ ተቀመጥኩ፣ ከዚያም ከደጅ አልወጣሁም። ስለ ግዝት የሚወራውን ለእኔስ ማን ሊነግረኝ? ኀዘንተኛ ነኛ።»

እናቴ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። እኔ ምን እንደተሰማኝ በደንብ አስታውሳለሁ፤ ንዴት ነው። የሚናደዱበት ሰው ግን ጠፋ። ሁሉም በደግነት ነው ዝም ያለው።

እማሆይ መቋሚያቸውን ይዘው ተነሡና ከእኛ ጋር መጡ። ያንን ሣር ረግጠው ወደ ቤታችን ሲገቡ ከኋላቸው እየተከተልኩ እግራቸውን እመለከት ነበር። አባቴ ፊት ቆመው የነገሩንን ሁሉ ደግመው ነገሩት። አባቴ አለቀሰ፤ በአንድ ጎን ብቻ የሚወርድ ዕንባ ነው፣ አይቶት የማያውቅ ሰው አይረዳውም። በዚያ ሳምንት ከዘራው አንድም ጊዜ አልተሰማም። ፖምፓውን ቤንዚን ውስጥ ዘፍዝፌ፣ በመርፌ ፍቄ፣ እንደገና ዘፍዝፌ አጸዳሁት። ስገጥመው መጋዙ በነጩ እንጨት ላይ ጥቁር መስመር ረጨ። ሽታውም የሰነፍ ጋራዥ ሽታ ሆነ። ደስ አለኝ።

እሑድ በአለቃው ቦታ የተሾሙት አዲሱ አስተዳዳሪ እማሆይን አቁመው አስመሰከሩና ግዝቱ በአለቃው ቃል ተነሥቶ እንደነበር ለሕዝቡ ነገሩ። ከዓመት በኋላ የመጣ እሑድ ነው፤ ቢሆንም መጣ። የቀረውን ዘማማ ግማሽ እኔ እንድጨርሰው ተባለ፣ አለቃው ባዘዙት መንገድ። ጥቁሩን ዘይት ከጋኑ አፍስሼ፣ አጥቤ፣ እማሆይ የሰጡኝን የኑግ ዘይት ሞላሁበት። ካህናቱ ቆመው ጸሎት አደረሱ። መጋዙን ሳስነሣው በጽዱ ቀይ ፊት ላይ ወርቃማ መስመር ረጨ። ሽታው እንደዚያ ቀን አላስፈራኝም። ግንዱ ጣሪያውን ሳይነካ ወረደ።

ከዚያ ሰው ሁሉ ወደ ቤታችን ተከትሎ መጣ። እናቴ ከማለዳ ጀምራ ስትዘጋጅ ነበር፤ ጠላ ተቀዳ፣ አስተዳዳሪው ከፍ ያለው ቦታ ላይ ተቀመጡ። ዓመት ሙሉ ከአጥር ውጭ የቆሙ ጎረቤቶች አባቴን ጉልበቱን እየሳሙ ይቅርታ ጠየቁት። እኔ ደክሞኛል። መጋዙን ከምሰሶው ሥር፣ ከድሮ ቦታው አስቀመጥሁና ጠላዬን ያዝኩ።

ኳ።

የሰው ሁሉ ፊት ወደ መደቡ ዞረ።

ኳ፣ ኳ፣ ኳ። አባቴ ከዘራውን ጨብጦ፣ ዓይኑን ምሰሶው ሥር ተክሎ፣ ወለሉን ይመታል። እንደዚያ ዓመት ሁሉ፣ ምናልባት ከዚያም አብልጦ። በር አጠገብ የተቀመጠችው ጎረቤታችን ብርጭቆዋን መሬት አስቀምጣ ነጠላዋን ሰበሰበች። ሌላው ተነሣ። አስተዳዳሪው መስቀላቸውን አወጡ። እናቴ እንስራውን አቅፋ በቆመችበት ፊቷ አመድ መሰለ። «አልተነሣም» አለ አንድ ሰው ከኋላ፤ «ግዝቱ አልተነሣም።»

አባቴን አየሁት፤ ፈርቶ አይመስልም። ተናዷል። ሥራ ላይ ሆኖ ሲያናግሩት የሚያሳየው ያ ፊት ነው። ከዘራውን ደግሞ መታና በጫፉ አመለከተ። ምሰሶውን መስሎኝ ነበር። ምሰሶውን አይደለም፣ መጋዙንም አይደለም። የዘይት ጋኑን ክዳን ነው።

ብርጭቆዬን ጥዬ ተነሣሁ። «ተቀመጡ!» አልኩ፤ በካህን ፊት እንዲህ ይባል እንደሆነ አላሰብኩም። መጋዙን ከሰው መሐል ጎትቼ በሩ ላይ አመጣሁትና ክዳኑን ከፈትኩ፣ የተረፈውን የኑግ ዘይት ጎድጓዳ ሳህን ላይ ገለበጥኩት። ላምባ አስገብቼ አናወጥሁት፣ ደፋሁት፣ ጥቁሩን ዘይት ሞላሁ። ደጅ ይዤው ወጥቼ አስነሣሁና በግቢያችን ነጭ የባህር ዛፍ ጉቶ ላይ አስጠግቼ አስጮህኩት። መጀመሪያ ቢጫ ረጨ። ቀጥሎ የተደባለቀ። ከዚያ ጥቁር፣ ጥርት ያለ ጥቁር መስመር። እንግዶቹ በሩ ላይ ተጨናንቀው ያያሉ።

ሞተሩን ሳጠፋው ከውስጥ ምንም አልተሰማም።

ገባሁ። አባቴ ከዘራውን መደቡ ላይ ከጎኑ አጋድሞታል። ከወደቀ ጀምሮ ከእጁ ሲወጣ ያየሁት ያን ቀን ነው፤ ተኝቶ እንኳ አይለቀውም ነበር። ባዶውን ግራ እጁን ወደ እናቴ ዘርግቶ ጠላ ይጠይቃል። እናቴ «እኔን» አለችና ቀዳችለት። ሰዉ አንድ በአንድ ተመልሶ ተቀመጠ።

ስለ ነፍሱ ዓመት ሙሉ የተጨነቅነው እኛ ነን። እሱ ከአለቃው ጋር የተነጋገረውን ያውቃል፣ በነፍሱ በኩል የሚያሰጋው አልነበረም። ያን ቀን ከምሰሶው ሥር ያስቀመጠውን መጋዝ ሳያጥብ ነበር የወደቀው፣ ዘይቱ እንዳይደርቅ ነበር የጨነቀው። አፍስሱት ይለን ነበር፣ በየቀኑ፣ በግልጽ። እኛ ደግሞ ወስደን ከብት ቤት ደበቅነው።